ለኤቫንስቪሉ የዊላርድ ቤተ መጻሕፍት አስጎብኚ የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

ባለፈው ኦክቶበር የ11 ዓመት ልጄን ይዤ ከሉዊቪል ተነሥቼ፣ 2 ሰዓት ያህል ነድቼ፣ ኢንዲያና ግዛት ውስጥ በኤቫንስቪል ከተማ ወደሚገኘው የዊላርድ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ነበር። ልጄን የሳባት ስለ ሕንጻው የሙት መንፈስ የሚወራው ወሬ ነው፤ እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልጆችን አስደንግጦ ከመመለስ የማያልፍ የሃሎዊን ሰሞን ጨዋታ ይሆናል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። የተቀበሉን አስጎብኚ ይህን ግምቴን ከንቱ ስላደረጉብኝ፣ ያለ ፈቃዳቸው ስማቸውን ባልጠራም፣ በጽሑፍ ላመሰግናቸውና በዚያ አቅራቢያ ለምትኖሩ ወገኖቼ ልጠቁማቸው ወደድሁ።

ጉብኝቱን የጀመሩት ከሕንጻው ታሪክ ነው። ቤተ መጻሕፍቱን ያቋቋሙት ዊላርድ ካርፔንተር የተባሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1803 በቬርሞንት ተወልደው በኤቫንስቪል ሀብት ያፈሩ ሰው ሲሆኑ፣ የመደብ፣ የዘርና የጾታ ልዩነት ሳይደረግ ሁሉም በነጻ እንዲገለገልበት ብለው ንብረታቸውን ሰጡ። የባርነት ዘመን በቅርቡ ባከተመበት አገር ይህ ቀላል ቃል እንዳልነበረ አስጎብኚያችን ጠበቅ አድርገው ሲናገሩ፣ ልጄ ስለ መንፈሱ መጠየቋን ለአፍታ ተወች። ካርፔንተር በ1883 ስላረፉ፣ በ1885 ማርች 28 ቀን የተከፈተውን ባለ ቀይ ጡብ የጎቲክ ሕንጻ አላዩትም። ዛሬም በዚያው ሕንጻ ውስጥ መጻሕፍት ይነበባሉ። ንድፉን ያወጡት የሪድ ወንድማማቾች በኋላ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻግረው ሆቴል ዴል ኮሮናዶን የሠሩት ናቸው፤ እርሱም ሆቴል መንፈስ አለበት እየተባለ የሚወራለት ነውና፣ የእነዚህ ሰዎች ቤት ደባል አያጣም ብዬ ለብቻዬ ሣቅሁ።

ከዚያ ወደ ምድር ቤቱ ወረድን። እንደሚተረከው፣ በ1937 አንድ የጽዳት ሠራተኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ በማሞቂያው ምድጃ ከሰል ሊጨምር ሲወርድ፣ ግራጫ ልብስ የለበሰች፣ ፊቷን በግራጫ ዓይነ ርግብ የሸፈነች ሴት አየ፤ የእጅ ባትሪው ከእጁ ወደቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ለቀቀ ይባላል። ከዚያ ወዲህ «ግራጫ ለባሿ እመቤት» የሚል ስም የተሰጣት ይህች ሴት በመጻሕፍት መደርደሪያዎች መካከል ድንገት በሚሸት ሽቶ፣ ማንም ሳይነካው በሚከፈት የውኃ ቧንቧና በአንድ ስፍራ ብቻ በሚሰማ ቅዝቃዜ ትታወቃለች። በ1980ዎቹ የሕጻናት ክፍሉ ሲታደስ፣ በዚያ ለረጅም ዓመታት የሠሩ ባለሙያ ቤት ድረስ ተከትላ ሄዳለች የሚሉም አሉ። በ1999 ደግሞ የከተማው ጋዜጣ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ካሜራ አስተክሎ፣ የዓለም ሕዝብ በኢንተርኔት እንዲጠብቃት አደረገ።

እኔን ይበልጥ የማረከኝ ግን ሴቲቱ ማን ናት ለሚለው ጥያቄ የሰጡት መልስ ነው። ብዙ ሰው የካርፔንተር ልጅ ሉዊዝ ናት ይላል። ሉዊዝ፣ አባቷ ሀብታቸውን ለቤተ መጻሕፍቱ የሰጡት አእምሯቸው ጤናማ ሳይሆንና በሰው ግፊት ነው ብላ የቤተ መጻሕፍቱን ባላደራዎች ከስሳ ነበር፤ ተረታች። አስጎብኚያችን በዚህ ላይ ቆም ብለው፣ ክሱ የተመዘገበ ታሪክ መሆኑን፣ ሉዊዝ ዛሬም ውርሷን ፍለጋ ትመላለሳለች የሚለው ግን የሰው ትረካ መሆኑን ለልጄ በሚገባት ቋንቋ ለይተው አስረዷት። ትረካውንም አላቃለሉትም፤ ሰው የውርስን ነገር እንዲህ በቀላሉ እንደማይረሳ ብቻ ተናገሩ። እናቴ አብራን ብትሆን ኖሮ «ተዝካሯን ያወጣላት ሰው አጥታ ነው» ትል እንደነበር ስነግራቸው፣ ተዝካር ምን እንደሆነ አስተርጉመው በማስታወሻቸው ላይ ጻፉት።

ልጄ በየተራው «ይህኛው የተጻፈ ነው ወይስ የሚወራ?» እያለች ስትጠይቅ አንድም ጊዜ ሳይሰለቹ መልሰውላታል፤ ምስጋናዬ ከሁሉ በላይ ለዚህ ትዕግሥታቸው ነው።

መሄድ የምትፈልጉ ቤተሰቦች፣ የመንፈሱ ጉብኝት የሚካሄደው በኦክቶበር ስለሆነና ሰው ስለሚበዛበት አስቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ጨለማ የሚያስፈራቸው ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ በቀን ብትሄዱ ይሻላል፤ ሕንጻው በብርሃንም ያምራል። የቤተሰብ የትውልድ ሐረግ ለማጥናት የሚያገለግል ሰፊ ስብስብ ስላላቸው፣ በአካባቢው የኖሩ አሜሪካውያን አማቶች ያሏችሁ ሰዎች ግማሽ ቀን ብትመድቡ አይበዛም። ለልጆች ሹራብ ያዙ፤ ምድር ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ አስጎብኚዋ ራሳቸው ምክንያቱ አሮጌው ግንብ ነው ይላሉ፣ ልጄ ግን እስካሁን አልተስማማችም።