ሳያሳፍሩኝ ላከሙኝ ሲስተር

ስሜን አልጽፍም፤ ስታነቡት ትረዱኛላችሁ። ምስጋናው ግን ሆዴ ውስጥ አላስቀምጥ አለኝ።

የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። ሰሊጥ ጭኜ ከመተማ ጎንደር በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ሽንቴን ያቃጥለኝ ጀመር። ጠዋት ጠዋት ፈሳሽም አየሁ። ጓደኞቼ «ትኩስ ድንጋይ ላይ ሸንተህ ነው» አሉኝ። ደስ አለኝ፣ ከእውነቱ ይሻል ነበር። አንድ መድኃኒት ቤት ምንም ሳይጠይቁኝ ስድስት እንክብል ሸጡልኝ። ሁለት ቀን ረገብ ብሎ አገረሸ።

በመጨረሻ ማራኪ አካባቢ ያለ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አንዲት ጠና ያሉ ሲስተር ተቀበሉኝ። በሩን ዘግተው «በል ልጄ፣ እኔ ያልሰማሁት ጉድ የለም» አሉኝ። መተማ ያደረግኩትን ሳይቀር ዘረገፍኩት።

«ድንጋዩን ተወው» ብለው ሳቁ። ክላሚዲያ (እንደ ጨብጥ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ ነው) ወይም ጨብጥ ሊሆን ይችላል አሉኝ። በምልክት ብቻ አይለዩም፤ የክላሚዲያ ምርመራ ደግሞ በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ ለሁለቱም አንድ ላይ ይታከማል። ለጨብጡ መርፌ፣ ለክላሚዲያው ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊ ግራም፣ ጠዋትና ማታ ለ7 ቀን። በብዙ ውሃ ዋጠው፣ ውጠህ ወዲያው አትተኛ፣ ቢሻልህም አታቋርጥ። ፀሐይም ተጠንቀቅ፣ መድኃኒቱ ቆዳን በፀሐይ ያስቆጣል። የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራም ያኔውኑ አሠሩኝ።

ከዚያ «ባለቤትህስ?» አሉ። «እሷን ምንም አላመማትም» አልኩ። ሳቃቸው ያኔ ጠፋ። አብዛኞቹ ሴቶች ምልክቱን አያዩም ለካ! በሽታው ዝም ብሎ ወደ ማህፀን ቱቦ ይወጣል። ቱቦው ጠባሳ ከያዘ መካንነት ይመጣል፣ ወይም ጽንሱ ከማህፀን ውጭ ያድጋል። የኔዋ የ4 ወር ነፍሰ ጡር ናት። በወሊድ ጊዜ ወደ ሕፃኑ ካለፈ ዓይኑን ያመረቅዛል፣ የሳንባ ምችም ያመጣበታል። በገጠራችን ስንቱን ያሳወረው ትራኮማ ራሱ የዚሁ የክላሚዲያ ባክቴሪያ ሌላ ዝርያ ነው። እሱ ግን በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ነው የሚተላለፈው።

«ነገ ይዘሃት ና፣ እኔም አለሁ» አሉኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። በማግስቱ እሳቸው ፊት ነገርኳት። አለቀሰች። ሲስተር እኔን አስወጥተው ብቻዋን አነጋገሯት፤ ምን እንደተባባሉ እስከዛሬ አላውቅም። ዶክሲሳይክሊን ለነፍሰ ጡር ስለማይሰጥ እሷ 1 ግራም አዚትሮማይሲን አንዴ ዋጠች፣ ሁለታችንም 7 ቀን እንዳንገናኝ ተነገረን። አንዱ ታክሞ ሌላው ከቀረ ይመላለሳል። አንዴ የያዘው ሰው ደግሞ ድጋሚ አይያዝም ማለት አይደለም። ከ3 ወር በኋላ ለክትትል ቀጥረውናል።

ባለቤቴ እኔን ገና በደንብ አታናግረኝም። የእርግዝና ክትትሏን ግን እሳቸው ጋ አድርጋለች።

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ለምነውኛል። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለምን ብዬ አልጠይቅም። ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ ይሻላል፣ ጠዋት ወረፋው አይቀመስም።