«ትንሽ ቦቶክስ ነው» ብላኝ የወጋችኝን እስከ ዛሬ አላውቀውም

ይህን የምጽፈው ከስድስት ሳምንት ዝምታ በኋላ ነው። ዝም ያልኩት አፍሬ ነው፤ ለመቆንጀት ብላ ፊቷን ያበላሸች ሴት ማን ያዝንላታል እያልኩ። ባለፈው እሑድ ግን ከቅዳሴ ስንወጣ ሁለት ልጆች የዚያችኑ ሴት ስም ሲያነሱ ሰማሁ። ከፋሲካ በኋላ ላለ ሰርግ ቀጠሮ ይዘዋል፣ ቀብድም ከፍለዋል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነው። ጾሙ ከመግባቱ በፊት የአክስቴን ልጅ ድረን ነበር፤ ነገሩም የመጣው ከዚያው ዝግጅት ጋር ነው። ሴትዮዋ ጸጉር ቤት ውስጥ ጓዳ ተከራይታ ትሠራለች። ለአንድ ሰው 350 ዶላር፣ ሦስት ሆናችሁ ከመጣችሁ 250 አለችን። ክሊኒክ ጠይቄ የነገሩኝ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ስለነበር እኛም ሦስት ሆነን ሄድን። ገንዘቡን በስልክ ስንልክላት ምክንያቱ ላይ «የልደት ስጦታ» ብለን እንድንጽፍ ነገረችን፤ ጻፍን። በኋላ ለባንኩ አቤት ስል ያ ጽሑፍ በራሴ ላይ መሰከረብኝ።

«ከአፍንጫሽ እስከ ከንፈርሽ የወረደውን መስመር በትንሽ ቦቶክስ አጠፋልሻለሁ የኔ ቆንጆ» አለችኝ። ዛሬ የማውቀውን ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ ከዚች ዓረፍተ ነገር በኋላ ተነሥቼ እወጣ ነበር። ቦቶክስ እዚያ ቦታ የሚሠራው ሥራ የለም።

እኛ ፊት ላይ የሚወጋውን ሁሉ «ቦቶክስ» እንላለን። ብዙዎቻችን የምንታለለው እዚህ ላይ ነው። ቦቶክስ የአንድ ኩባንያ መድኃኒት የንግድ ስም ነው። ከቦቱሊነም መርዝ የተሠራ ነው፤ በጥቂቱ ሲወጋ ጡንቻን ለጊዜው ያላላል። በዚህ አገር የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በቅንድብ መካከል ላለው ሽብሽብ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ መሥራት ይጀምራል፣ ከሦስት እስከ አራት ወር ገደማ ቆይቶ ይለቃል። ፊለር ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። ጡንቻን አይነካም፤ ከቆዳ ሥር ገብቶ የጎደለውን የሚሞላ ዝልግልግ ነገር ነው። አብዛኛው ከሃያሉሮኒክ አሲድ ይሠራል። ከአፍንጫ ወደ ከንፈር ለሚወርደው መስመር የሚሰጠው እሱ ነው። አደጋቸውም መድኃኒታቸውም አይገናኝም። ሁለቱን ለይታ የማትጠራ፣ ወይም እያወቀች የምታምታታ ሴት መርፌ ልትይዝ አይገባትም።

ብዙ ሰው የሚፈራው «መርዝ» የሚለውን ቃል ነው። «እኔ መርዝ አልወጋም፣ ፊለር ይሻለኛል» የምትል እኅት ሰምቻለሁ። ትክክለኛው መድኃኒት በሠለጠነ እጅ ሲወጋ ለግንባር የሚሰጠው መጠን እጅግ ትንሽ ነው። ሐሰተኛው ግን ሌላ ነገር ነው። በሚያዝያ 2024 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ባወጣው ማስጠንቀቂያ በ11 ግዛቶች 22 ሰዎች ከእንዲህ ያለ መርፌ በኋላ ታመው ነበር፤ 11ዱ ሆስፒታል ገብተዋል። ሁሉም የተወጉት ወይ ፈቃድና ሥልጠና በሌለው ሰው እጅ፣ ወይም እንደ መኖሪያ ቤትና ስፓ ባለ የሕክምና ቦታ ባልሆነ ስፍራ ነው። ከተያዙት ሐሰተኛ ካርቶኖች አንዳንዶቹ 150 ዩኒት (የመድኃኒቱ መጠን መለኪያ ነው) የሚል ነበረባቸው፤ እውነተኛው የሚመጣው በ50፣ በ100 እና በ200 ብቻ ነው።

ወደ እኔ ልመለስ። መርፌው ስንገባ ተሞልቶ ፎጣ ላይ ተቀምጦ ነበር። ካርቶን አላየሁም፣ ብልቃጥ አላየሁም፣ አልጠየቅሁምም። ተፈቅዶ የሚሸጥ የሃያሉሮኒክ አሲድ ፊለር ታሽጎ፣ በራሱ መርፌ ተሞልቶ ነው የሚመጣው፤ የምርት ቁጥሩ የተጻፈበት ተለጣፊ ወረቀትም አብሮት አለ። ወረቀቱ በታካሚው መዝገብ ላይ ይለጠፋል። ሲከፈት ማየት መብታችሁ ነው፤ ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሡት።

ከቀኝ አፍንጫዬ ሥር ስትወጋኝ ነጭ ሆኖ የታየውን ቦታ ጓደኛዬ አይታ «ምንድን ነው እሱ?» አለች። ሴትዮዋ «ይመለሳል» ብላ አሸችው። ማታ ላይ ያመኝ ጀመር። ደወልኩላት፤ «እብጠት ነው እኅቴ፣ በረዶ አድርጊበት» አለችኝ። በረዶ የጠበበውን ደም ሥር ይበልጥ እንደሚያጠበው የሰማሁት በማግስቱ ከሐኪም ነው። ጠዋት ስነሣ ጉንጬ ላይ መረብ የመሰለ ወይን ጠጅ ቀለም ወጥቷል።

ድንገተኛ ክፍል ስገባ መጀመሪያ የተጠየቅሁት «የተወጋሽው ምንድን ነው?» የሚል ነበር። «ቦቶክስ» አልኩ። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች፤ ቦቶክስ ይህን አያደርግም። ፊለሩ ደም ወሳጅ ቧንቧ ውስጥ ገብቶ ወይም ከውጭ ተጭኖት ለቆዳው ደም እንዳይደርስ ከልክሎ ነበር። በአፍንጫ ጥግ የሚያልፈው ቧንቧ ዓይንን ከሚመግበው ጋር ስለሚገናኝ፣ እዚያ የሚሳሳት መርፌ ዓይን ሊያሳውር ይችላል። ይህን ስሰማ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ቢበላሽም ይቀልጣል፣ በጊዜው ይጠፋል» የሚለውን ሁላችንም አምነን ነው የገባነው። የሚቀልጠው ሃያሉሮኒክ አሲድ ከሆነ ብቻ ነው። እሱን የሚያሟሟ ሃያሉሮኒዴዝ የሚባል መድኃኒት አለ፤ ለእኔም በተደጋጋሚ ተወጋልኝ። የገባው ሲሊኮን ቢሆን ኖሮ ግን ያ መድኃኒት ምንም አያደርግለትም። ሲሊኮን በራሱ አይጠፋም፤ ከዓመታት በኋላ ሊያብጥና ሊጠጥር ይችላል። ፈሳሽ ሲሊኮን ፊትን ለመሙላት በዚህ አገር ጨርሶ አልተፈቀደም፣ በየጓዳው ግን ይወጋል። ሐኪሟ የሞከረችው በግምት ነው፤ ተሳካላት። ከአፍንጫዬ አጠገብ ግን ጠባሳ ቀርቷል። ኢንሹራንሴ የውበት ጉዳይ ነው ብሎ አልከፍልም አለ። ከ250 ዶላሩ ስንት እጥፍ እንዳወጣሁ መጻፍ አልፈልግም።

አሁን ደግሞ «መርፌ የለውም፣ በግፊት ብቻ ነው የሚያስገባው» እየተባለ የሚሸጥ ብዕር የመሰለ መሣሪያ አለ። የልጆቹ ቀጠሮ ለእሱ መሆኑን ሰምቻለሁ፤ ለከንፈር ነው። የመድኃኒት ባለሥልጣኑ በጥቅምት 2021 ሕዝቡ እንዳይጠቀምበት ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነው። መርፌ ስለሌለው ፊለሩ የት እንደሚያርፍ የሚቆጣጠር እጅ የለም።

በሜሪላንድ የጸጉር ቤት ወይም የቆዳ እንክብካቤ ፈቃድ መርፌ ለመውጋት አያበቃም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የምስክር ወረቀት እኔንም አሳምኖኝ ነበር። የሐኪሞችና የነርሶች ፈቃድ በግዛቱ ቦርዶች ድረ ገጽ ስም በመጻፍ ብቻ፣ ያለ ክፍያ ይታያል። ስሟን ጻፉት፤ ካልወጣ ቀብዱን ጥላችሁ ሂዱ። ወጥቶም ቢሆን «ደም ሥር ቢዘጋ ምን ታደርጊያለሽ? ሃያሉሮኒዴዝ እዚህ አለሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። በዚህ ጥያቄ የሚቆጣ ሰው ፊታችሁን ሊነካ አይገባም።

ቀድማችሁ የተወጋችሁ ካላችሁ ደግሞ ይህን ያዙ። በጠይም ቆዳችን ላይ ንጣቱና መረቡ ቶሎ ጎልቶ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ቦታውን በጣት ተጭናችሁ ልቀቁት፤ ቀለሙ በሁለት ሰከንድ ገደማ ካልተመለሰ፣ ሕመሙም እየባሰ ከሄደ፣ ወደ ወጋችሁ ሴት አትደውሉ፤ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ዓይናችሁ ከፈዘዘ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካቃታችሁ 911 ደውሉ። የተወጋችሁበትን ሰዓት ጽፋችሁ ያዙ፤ ያልሞተውን ቆዳ ለማትረፍ ሐኪሙ የሚቆጥረው ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ነው።