የአባዬን ሃይሉክስ ላዳኑልን መካኒክ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ሁለት ወር ጠብቄያለሁ። መኪናዋ ተሠርታ የወጣች ዕለት ልጽፍ ነበር። ግን ዓባይ በረሃን ወርዳ እስክትወጣ ልታገስ አልኩ። አሁን ሦስት ጊዜ ወርዳ ወጥታለች። እንግዲህ አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ።

አባዬ ነጠላ ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ አለችው። በፈረንጆች 1982 ሞዴል ናት። እኛን ያሳደገች መኪና ናት። ከደጀን አዲስ አበባ ጤፍ ስታመላለስ ነው የኖረችው። የእኔም የትምህርት ቤት ክፍያ የወጣው ከእሷ ነው።

ይዛው የመጣችው ሞተር «ኤል» የሚባለው የናፍጣ ሞተር ነው፤ 2,188 ሲሲ። ጠንካራ ነው፣ ግን ትንሽ ነው። አየር ጨምቆ የሚያስገባለት ቱርቦ የለውም። ከዓባይ ድልድይ እስከ ጎሐ ጽዮን መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ደግሞ አየሩ ይሳሳል። ጫፍ ላይ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ስትደርሱ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ወደ አንድ አምስተኛ ያህሉን አጥቷል። ስምንት ኩንታል ጤፍ ጫኑበትና አስቡት። በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች፣ ጥቁር ጭስ እየለቀቀች፣ ሦስት ቦታ ቆማ ውሃ እየጠጣች ነበር የምትወጣው። አባዬ ጀሪካን ሳይዝ ከቤት ወጥቶ አያውቅም።

አምና ሞተሩ ዘይት መብላትና ሰማያዊ ጭስ ማውጣት ጀመረ። አንድ ጋራዥ ወሰድናት። ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ቀይረናል ተባልንና ከፈልን። አራት ወር አልቆየም፣ ያው ሰማያዊ ጭስ ተመለሰ። ሌላ ቦታ ስንወስዳት «ለቁራሌው ሽጧት» አሉን። አባዬ የዚያን ቀን ምሳ አልበላም።

በኋላ አንድ የሰፈራችን ሹፌር ሳሪስ አካባቢ ያሉ መካኒክ ጋ ወሰደን። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ለምነውኛል። ከአንድ ረዳታቸው ጋር ብቻ ስለሚሠሩ ሰው እንዳይበዛባቸው ነው።

እኔ የሄድኩት ወስኜ ነበር። ሦስት ሊትር፣ ቱርቦ ያለው፣ ዋን ኬዜድ የሚባለውን ሞተር ይግጠሙልን አልኩ። ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ቁልፉን ተቀብለው መኪናዋን ይዘው ወጡና ሰፈሩን አንድ ዙር ዞረው መጡ።

«ልጄ፣ ይቺ መኪና አሁን ባላት ጉልበት እንኳ በደንብ አትቆምም። ያንን ሞተር ጭኜባት ቁልቁለት ላይ ማን ያቆማታል?»

ብዙ ገንዘብ የሚያስገኝላቸውን ሥራ እንዲህ ብለው መለሱት። እኔ ጋሼን ያመንኳቸው በዚያች ደቂቃ ነው።

እሳቸው የመከሩን ስሪ ኤል የሚባለውን ነው። 2,779 ሲሲ ነው፤ ከድሮው ወደ 600 ሲሲ ይበልጣል። ከነባሩ ሞተር ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ስለሆነ የእኛው ካምቢዮ ላይ ይገጥማል። ኮምፒውተር የለውም። መለዋወጫው ሱማሌ ተራ እንደ ልብ ይገኛል። ሞተሩን ስንገዛ አብረውን ሄዱ። ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ሞተር ነው። ዋጋ ከመነጋገራቸው በፊት የጉምሩክ ወረቀቱን ጠየቁ። ከዚያ በጨርቅ ብረቱን ጠርገው ቁጥሩን ፊደል በፊደል ከወረቀቱ ጋር አመሳከሩ። የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ ስለሚሰፍር፣ ሞተር ሲቀየር ሊብሬውም መስተካከል አለበት። ይህን የዘነጋ ሰው በኋላ ቦሎ ላይ ወይ ሽያጭ ላይ ይቸገራል።

ሞተሩ ከመግባቱ በፊት ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ወርዶ ስንጥቅ እንዳለው ተመረመረ። ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር እኩል የሚያስኬደው የታይሚንግ ቺንጊያም ተቀየረ። ቺንጊያው ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ስለዚህ ያገለገለ ሞተር ከነአሮጌ ቺንጊያው አይገባም አሉ። ራዲያተሩም ባለ ሦስት ረድፍ ቱቦ በሆነ ተተካ። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃውን የሚይዘውን ቴርሞስታት ብዙ ቦታ አውጥተው ይጥሉታል። እሳቸው አዲስ አስገዙን። «ሞተር ሲቀዘቅዝም ይበላል» አሉ።

አሁን ከሁሉም የማልረሳውን ልንገራችሁ። ሞተሩ ከተቀመጠ በኋላ የዘይት መያዣው ከሥሩ ካለው የሻንሲ ብረት ጋር ተቀራረበ። በዓይን ሲታይ አይነካም። ሌላ ሰው ቢሆን ኮፈኑን ዘግቶ ያስረክበን ነበር። ጋሼ ረዳታቸውን ሱቅ ልከው ዱቄት አስመጡ። በጣሳ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጉ ለወሱት። ሊጡን ብረቱ ላይ ለጠፉት። ከዚያ ሞተሩን አስነሱ፣ ፍሬን ረግጠው ማርሽ አስገቡና ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገው ለቀቅ አደረጉ። ሞተሩ ወደ ጎን ተንገጫገጨ። አጥፍተው ከሥር ገቡ። ሊጡ ላይ የዘይት መያዣው ጠርዝ ጥርት ብሎ ታትሟል።

«ይኸውልሽ፣ ዳገት ላይ ይመታ ነበር።»

ቶርኖ ቤት ሄደው ወፍራም ሮንዴላዎች አስወጡና ሞተሩ በሻንሲው ላይ በሚያርፍባቸው ጎማዎች ሥር አስገቡ። ሊጡን ደግመው ለጠፉ። ሁለተኛው ምንም ሳይነካው ወጣ። እኔ ያንን ሊጥ ፎቶ አንስቼ ስልኬ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ፍሬኑም እንዲሁ ነው። ታምቡሮዎቹ (ሸራው የሚይዛቸው ከበሮዎች) በቶርኖ ተቆርጠው ተስተካከሉ፣ ሸራው በሙሉ ተቀየረ። ግን ፔዳሉ አሁንም ድንጋይ ሆነ። በእነዚህ የናፍጣ ሞተሮች ላይ የፍሬኑን ሰርቮ (እግር ሲረግጥ የሚያግዘውን) የሚያሠራው ቫኩም የሚመጣው ከዲናሞው ጀርባ ካለች ትንሽ ፓምፕ ነው። ከሞተሩ ጋር የመጣችው ደክማለች። የድሮው ሞተር ላይ ያለችውን ፈትተው አጥበው ገጠሙልን፤ ፔዳሉ ለሰለሰ። አዲስ ግዙ ማለት ይችሉ ነበር።

ሐቁን ለመናገር ሥራው ዘግይቷል። ሁለት ሳምንት ተብሎ አምስት ሳምንት ፈጀ። ሥራ ላይ ሲሆኑ ስልክ አያነሱም፤ አባዬ በዚህ በጣም ተጨንቆ ነበር። የእጅ ዋጋቸው ግን በመጀመሪያ ቀን ከተነጋገርነው አንድ ብር አልጨመረም። የተገዛውን ዕቃ ሁሉ ደብተር ላይ ጽፈው ከነደረሰኙ አስረከቡን። የተረፉትን ቡሎኖች ሳይቀር በቀለም ቆርቆሮ አድርገው ሰጡን።

የመጀመሪያው ጉዞ ላይ አብሬ ነበርኩ። ስምንቱን ኩንታል ጭነናል። ከድልድዩ ጀምሮ አብዛኛውን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ወጣናት። የሙቀት መርፌው ግማሹን አላለፈም። አባዬ በየጥቂት ደቂቃው ያያታል፣ እኔም አያታለሁ፤ ሁለታችንም አንናገርም። ጎሐ ጽዮን ስንደርስ እንደ ልማዱ ዳር አስይዞ ቆመ። ጀሪካኑን አወረደ። ኮፈኑን ከፍቶ ትንሽ ቆየ።

«ዛሬ ውሃ አልጠየቀችም» አለኝ።

ከዚያ በጀሪካኑ ውሃ ፊቱን ታጠበ።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እጅዎ ይባረክ።

አሮጌ ሃይሉክስ ያላችሁ፣ ሞተር ለመቀየር የምታስቡ ሰዎች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። በአንድ ጊዜ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚይዙት፣ ስለዚህ ተራ መጠበቅ አለ። ስትሄዱ ሊብሬውን ያዙ። መጀመሪያ የሚያዩት ፍሬናችሁን ነው።