ሄርማታ ያለው ሙዚቃ ቤት፦ ያለፉትን ድምፃውያን በሙሉ ስማቸው

ጅማ ውስጥ ፍላሽ ላይ ዘፈን የሚጭን ሱቅ ሞልቷል። አብዛኞቹ ጋ ስትሄዱ ግን የሚሰጧችሁ «ምርጥ የድሮ ዘፈኖች» የሚል አንድ ፎልደር ነው። ስትከፍቱት «ትራክ 01»፣ «ትራክ 02» ይላል። ማን ዘፈነው፣ ማን አቀናበረው፣ የቱ ባንድ ተጫወተው፣ ምንም የለም። ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ያለችው ጠባብ ሱቅ ከዚህ ትለያለች።

ባለቤቱ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። ካሴት ከሚሸጥበት ዘመን ጀምሮ እዚሁ ሥራ ላይ ናቸው። ኮምፒውተራቸው ላይ እያንዳንዱ ድምፃዊ የራሱ ፎልደር አለው። አልበሞቹ በዓመት ተደርድረዋል፣ ከዘፈኑ ስም ጎን ደግሞ ግጥሙ፣ ዜማውና ቅንብሩ የማን እንደሆነ ተጽፏል። ይህን ሁሉ ከካሴት ሽፋን ላይ እያነበቡ ራሳቸው ናቸው የጻፉት። በቃ፣ ለኔ ይሄ ብቻውን ይበቃል።

እኔ እያለሁ አንድ ባጃጅ ነጂ መጣና «ጋሼ፣ የአሊ ቢራን በሙሉ ጫኑልኝ» አላቸው። «እጭንልሃለሁ ልጄ፣ ግን መጀመሪያ ኡድ (የዐረቦቹን የክር መሣሪያ) ይዞ የተጫወታቸውን ስማ» አሉት። ልክ ናቸው። አሊ ቢራ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ካረፈ ወዲህ በየቦታው የሚሰማው ያው አምስት ስድስት ዘፈን ነው። ሰውየው ግን ድሬዳዋ ላይ በአፍረን ቀሎ ቡድን ጀምሮ፣ ክብር ዘበኛ የሙዚቃ ባንድ ገብቶ፣ ከኦሮምኛ ሌላ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በዐረብኛም የዘፈነ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲም የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። ዛሬ በኦሮምኛ የሚዘፍን ወጣት ድምፅ ሲያወጣ ብትሰሙ፣ አውቆትም ይሁን ሳያውቀው፣ የአሊ አወራረድ ውስጡ አለ።

በጣም የወደድኩት የሙሉቀን መለሰን ፎልደር ነው። ሙሉቀን በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. አሜሪካ አረፈ። ገና በወጣትነቱ፣ ዝናው ጣሪያ በነካበት ጊዜ፣ ዓለማዊ ዘፈን ትቶ ወደ መዝሙር የገባ ሰው ነው። ብዙ ቦታ ዘፈኑና መዝሙሩ ተደበላልቆ ይጫናል፣ ወይም መዝሙሩ ጭራሽ የለም። እኚህ ሰውዬ ለየብቻ አስቀምጠውታል። ዘፈን የሚፈልግ ዘፈኑን፣ መዝሙር የሚፈልግ መዝሙሩን ይወስዳል። ራሱ የለየውን እኛ መቀላቀል የለብንም ባይ ናቸው፣ እኔም እስማማለሁ። የሚገርመው፣ መድረኩን ከተወ ስንት ዘመን አልፎ እንኳ ማታ ማታ በየምሽት ቤቱ ልጆች የሚፈተኑት በሱ ዘፈን ነው። ያንን ከፍ ያለ ድምፅ እንደሱ ሳይጨነቅ የሚያወጣው ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ዓለማየሁ እሸቴም አለ፣ በነሐሴ 2013 ያረፈው። ከጎኑ አምሃ እሸቴ የሚል ፎልደር አለ። አምሃ ዘፋኝ አይደለም። የአምሃ ሪከርድስ ባለቤት ነበር፣ እሱም በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ አረፈ። ወንድማማቾች አይደሉም፣ የአባት ስም መገጣጠም ነው። መንግሥት ሸክላ ማሳተምን ለራሱ ይዞ በነበረበት ጊዜ አምሃ ደፍሮ ማሳተም ጀመረ፣ የመጀመሪያው ሸክላም የዓለማየሁ ነበር። አሳታሚን በስሙ ፎልደር ከፍቶ የሚያስታውስ ሱቅ ሌላ አላየሁም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ዋጋው ደህና ነው፣ ከሌላው ትንሽ ቢወደድም ያዋጣል። የድምፅ ጥራቱ ግን ያንሳል፣ ፋይሎቹ ፍላሽ እንዲበቃ ተብሎ በጣም ተጨምቀዋል፣ ጥሩ ስፒከር ላይ ስትከፍቷቸው ቤዙ ይደፈርሳል። ትልቁ ፋይል እንዳለ ጠይቁ። አለ፣ ካልጠየቃችሁ አይሰጧችሁም።

ዋናው ቅሬታዬ ሌላ ነው። ከዚህ ሁሉ ለሟቾቹ ቤተሰብ አንድ ብር አይደርስም። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ የደራሲውን መብት ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ የሙሉቀንም የአሊም ሥራ ባለቤት አልባ አይደለም። እዚያው ሱቅ ውስጥ የኤልያስ መልካ ፎልደር አለ። ኤልያስ የቴዲ አፍሮን አቡጊዳ፣ የዘሪቱንና የኢዮብ መኮንንን የመጀመሪያ አልበሞች ያቀናበረ፣ የአንድን ትውልድ ጆሮ የቀየረ ሰው ነው። መስከረም 2012 ከማረፉ ጥቂት ወራት በፊት ከጓደኞቹ ጋር አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ የስልክ መተግበሪያ ያስጀመረውም የሙዚቀኛው ድካም በነጻ እንዳይቀር ነው። የሱን ሥራ በነጻ ገልብጦ መሄድ ይከብደኛል። ይህን ለባለቤቱ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። «ከፋይ ካለ የምከፍለው እኔ ነኝ፣ የት እንደሚከፈል ግን አሳየኝ» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የሚመለከታቸው ሰዎች ለእንዲህ ዓይነት ትንሽ ሱቅ የሚሆን ቀላል የክፍያ መንገድ ቢያበጁ እኚህ ሰው የመጀመሪያው ከፋይ እንደሚሆኑ አልጠራጠርም።

የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሂዱ። ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ይዘጋሉ፣ ከሰዓት ደግሞ ሰልፍ አለ። ቤታችሁ የተቀመጠ የድሮ ካሴት ካለም ከነሽፋኑ ያዙላቸው። ካሴቱን ገልብጠው፣ ሽፋኑን ፎቶ አንስተው ይመልሱላችኋል። ሽፋኑ የጠፋባቸውና ቅንብሩ የማን እንደሆነ ሳይጻፍ የቀረ ብዙ አልበም አለ።