የደም ግፊት መለኪያ ሲገዛ፦ የክንድ፣ የአንጓ ወይስ በእጅ የሚነፋው?

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከጓደኞቼና ከሥራ ባልደረቦቼ ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ለእናቴ የግፊት መለኪያ ልገዛ ነው፤ የትኛው ይሻላል?» የሚል። ጥያቄው ወደ እኔ የሚመጣው የጤና ባለሙያ ስለሆንኩ አይደለም። ለአማቴ መጀመሪያ የማይረባውን ገዝቼ ስላፈርኩና ወሬው በዘመድ አዝማዱ ዘንድ ስለተዳረሰ ነው። ለእያንዳንዱ ጠያቂ በስልክ ከማስረዳት አንድ ጊዜ መጻፍ ይቀላል። እኔ የማዳላው ክንድ ላይ ለሚጠመጠመው ዲጂታል መለኪያ መሆኑን ከወዲሁ ልናገር፤ ገለልተኛ ንጽጽር የሚፈልግ ሰው ሌላ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ከዋጋው ልጀምር። በመስከረም 2017 ዓ.ም. አንድ ሙሉ ቅዳሜ ከቸርችል ጎዳና ተነሥቼ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ዙሪያ ዞሬ፣ ወደ ሜክሲኮ ወርጄ፣ ዘጠኝ የሕክምና ዕቃ መደብሮችንና ፋርማሲዎችን ጠይቄያለሁ። ፒያሳ የማውቃቸው ሁለት መደብሮች ሠፈሩ ሲፈርስ ስለተነሡ ከዝርዝሬ ወጥተው ነበር። በእጅ አንጓ ላይ የሚታሠረው ከ1,700 እስከ 2,600 ብር፣ በእጅ የሚነፋው ባለ መርፌው አፓራተስ ከነስቴቶስኮፑ ከ1,900 እስከ 2,800 ብር፣ ታዋቂ ስም ያለው የክንድ ዲጂታል ደግሞ ከ6,900 እስከ 8,600 ብር ይሸጥ ነበር። የመጨረሻው ልዩነት በተለያዩ ሞዴሎች መካከል ያለ እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ዓይነት ካርቶን፣ አንድ ዓይነት የሞዴል ቁጥር ሆኖ፣ በሁለት መቶ ሜትር ርቀት ላይ ባሉ ሁለት መደብሮች መካከል የ1,700 ብር ልዩነት ነበረው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ጊዜው ገና ሁለት ወር ስለነበር፣ አንዳንዱ ሻጭ በአሮጌው ዋጋ ያስገባውን ዕቃ በአዲሱ ዋጋ እየሸጠ ነበር። ዋጋው ከዚያ ወዲህም ባለበት አልቆመም፤ ስለዚህ ቁጥሮቹን ለማነጻጸሪያ ብቻ ውሰዷቸው።

አሁን ወዳፈርኩበት ልምጣ። በዚያው ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ለአማቴ በ1,850 ብር የገዛሁላቸው የአንጓ መለኪያ ነበር። ሻጩ በራሱ እጅ ላይ አሥሮ አንድ ቁልፍ ተጫነ፣ ዕቃው ድምፅ ሳያሰማ ነፋና «121 በ79» ብሎ አሳየ፤ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል ብዬ ከፈልኩ። አማቴም ወደዱት፤ እጅጌ መሰብሰብ የለ፣ የሚረዳ ሰው መጥራት የለ። ችግሩ ቁጥሩ ሁልጊዜ ጥሩ መሆኑ ነበር። 124፣ 122፣ 124 እያለ ሲያጽናናቸው፣ «ዛሬስ ደህና ነኝ» እያሉ የግፊት መድኃኒታቸውን አምሎዲፒንን መዝለል ጀመሩ። ለዓይን ምርመራ ክሊኒክ በሄዱበት ቀን ነርሷ 178 በ102 አግኝታ ደንግጣ ደጋግማ ለካች፤ የምርመራው ወረፋ ተሰርዞ ወደ ሐኪም ተላኩ። ሐኪሙ መጀመሪያ የተናገረው መለኪያው ምንም አሳየ ምን፣ እሱን ሳያማክሩ መድኃኒት እንዳያቋርጡ ነበር። አማቴ «እኔማ ልጄ የገዛልኝን ማሽን አምኜ ነው» ብለው መለሱ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

ቤት ስንመለስ መለኪያውን ከተጠቀለለ ፎጣ ላይ አሠርኩትና ቁልፉን ተጫንኩ። 118 በ76፣ የልብ ምት 72 አለኝ። ፎጣው ከእኔ የተሻለ ጤነኛ ነበር። በኋላ የገዛሁትን የክንዱን መለኪያ በዚያው ፎጣ ላይ ሞክሬው፣ ሁለት ጊዜ ነፍቶ ሁለቱንም ጊዜ የስህተት ምልክት አሳየ።

የአንጓ መለኪያዎች ሁሉ እንዲህ ሐሰተኞች ናቸው ማለቴ አይደለም፤ በአግባቡ የተሠሩ አሉ፤ ክንዱ በጣም ወፍሮ የክንዱ መለኪያ መጠምጠሚያ ጨርቅ ለማይበቃው ሰውም ያገለግላሉ። ይሁን እንጂ ጥሩው እንኳ አንጓው በልብ ትክክል ካልተያዘ ይስታል። አንጓው ከልብ በላይ በአንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር ንባቡ 0.8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ይቀንሳል፤ ዝቅ ሲልም በዚያው መጠን ይጨምራል። አማቴ ደግሞ የሚለኩት ሶፋው መደገፊያ ላይ ክርናቸውን ተክለው፣ ጉንጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ነበር፤ ይህም አንጓቸውን ከልባቸው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ በመሆኑም ዕቃው ትክክለኛ ቢሆን ኖሮ እንኳ ወደ 16 የሚጠጋ ይቀንስላቸው ነበር። እጅን በትክክል አስደግፎ ለመለካት የሚጠነቀቅ ሰው ይግዛው፤ እኔ እንዲህ ያለ የ70 ዓመት ሰው አላውቅም።

በእጅ ስለሚነፋው አፓራተስ ሳወራ ግን ባርኔጣዬን ማውለቅ ይገባኛል፤ እዚህ ከተማ ውስጥ በእውነት የሚጠገነው እርሱ ብቻ ነውና። አንድ የአጎቴ ልጅ ነርስ ናት፤ የእርሷ አፓራተስ ላስቲኩ ሲሰነጠቅ በ150 ብር ተቀየረ፣ መንፊያው አየር ሲያፈስ በ200 ብር አዲስ ተገዛለት፣ ውስጡ ያለው ከረጢት ሲፈነዳም እንዲሁ፤ ባትሪ የሚባል ነገር አያውቅም። ሩሲያዊው ሐኪም ኮሮትኮቭ በ1905 እ.ኤ.አ. በገለጸው መንገድ፣ አየሩ ቀስ እያለ ሲወጣ በስቴቶስኮፕ የሚሰማው የመጀመሪያው ምት የላይኛውን፣ ድምፁ የሚጠፋበት የታችኛውን ቁጥር ይሰጣል። ነገር ግን ይህን መስማት የለመደ ጆሮ ይፈልጋል፤ ሰው በራሱ ላይ በአንድ እጁ እየነፋ በትክክል መለካትም ይቸግረዋል። መርፌው ደግሞ አንድ ጊዜ ከጠረጴዛ ከወደቀ ይዛባል፤ አየር ሳይኖረው መርፌው ዜሮ ላይ ካላረፈ አትግዙት። ካየኋቸው አምስት ውስጥ አንዱ፣ ከካርቶኑ አዲስ የወጣው፣ 8 ላይ ቆሞ ነበር፤ ሻጩ «ስትጠቀምበት ይስተካከላል» አለኝ። ቤታችሁ ነርስ ካለ ይህንኑ ግዙና ገንዘባችሁን ቆጥቡ። ከሆስፒታል የወጣ ነው እየተባለ የሚሸጠውን ባለ ሜርኩሪ አሮጌ መለኪያ ግን ወደ ቤት አታስገቡ፤ ከተሰበረ የሚፈሰው መርዝ ነው።

የክንዱን ዲጂታል ለመግዛት የወሰነ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ኮፒው ነው። አንድ ባልደረባዬ በቴሌግራም አይቶ፣ ቢሮው ድረስ አምጥተውለት፣ «ኦርጅናል ነው» የተባለውን በ3,200 ብር ገዛ። በካርቶኑ ላይ ያለው ስም ከታዋቂው ስም በአንድ ፊደል ይለያል፤ እርሱ ያስተዋለው በአራተኛው ወር ነው። ያስተዋለውም የጨርቁ ማጣበቂያ መያዝ አቁሞ፣ ሲነፋ ቷ እያለ መፈታት ስለጀመረ ነው። አዲስ ጨርቅ ፍለጋ ሦስት ቦታ ሄድን። የኦርጅናሉ ጨርቅ በ2,900 ብር ተገኘ፤ የቱቦው ጫፍ ግን ከኮፒው ቀዳዳ ጋር አይገጥምም። አንድ የሕክምና ዕቃ ጠጋኝ በማጣበቂያ ለማገናኘት ሞከረና አየር አፈሰሰ፤ ለሙከራው 300 ብር ተቀበለ። ስለዚህ የኮፒው ዋጋ 3,500 ብር ለአራት ወር፣ ማለትም በወር 875 ብር ሆነ ማለት ነው። የእኔው በ7,400 ብር የተገዛ ነው፤ በዚያ ሒሳብ ቢሆን ዘጠኝ ወር ሳይሞላው በተጣለ ነበር፤ እርሱ ግን አሁንም ይሠራል። ከመግዛታችሁ በፊት ዕቃውን ሳይሆን መለዋወጫውን ጠይቁ፦ «ጨርቁ ለብቻው አላችሁ?» በሉ። የሌለው ሻጭ ሁሉ አጭበርባሪ ባይሆንም፣ ያለው ግን ብዙውን ጊዜ ኦርጅናሉን የያዘው ነው። የሞዴሉን ቁጥርም ስትራይድ ቢፒ በተባለው፣ በትክክል መለካታቸው በጥናት የተፈተሹ መለኪያዎች በሚዘረዘሩበት ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት፤ ከስልክ ላይ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ባትሪም ዋጋ ነው። የእኛው መለኪያ አራት ድንጋይ ይበላል። በ100 ብር የገዛኋቸው አራት ተራ ድንጋዮች ስድስት ሳምንት አልዘለቁም፤ በዓመት ወደ 870 ብር ይሆናል። አልካላይኖቹ አራቱ 340 ብር ተገዝተው አሥር ወር ቆዩ። ሲደክሙ ጨርቁ በግማሽ ተነፍቶ ይቆማል፤ ብዙ ሰው ይህን ዕቃው የተበላሸ መስሎት ወደ ጠጋኝ ይወስደዋል። በኤሌክትሪክ ማሠራት ለሚፈልግም ትክክለኛው አዳፕተር ከሞዴሉ ጋር የተጻፈው ነው፤ የእኛው 6 ቮልት ነው። ጎረቤታችን የዋይፋዩን ባለ 12 ቮልት ሰክቶ የራሱን አቃጥሏል፤ ያ ደግሞ አይጠገንም።

«ታዲያ ፋርማሲ እየሄዱ መለካት አይቀልም?» ለሚሉኝ፦ እኛ ሠፈር አንድ ልኬት 30 ብር ነው፤ 7,400 ብር 246 ጊዜ ያስለካል። በወር ሁለት ጊዜ ብቻ ለሚለካ ሰው መግዛቱ አያዋጣም፤ ይህን ሳልደብቅ እናገራለሁ። ሐኪሙ ለአማቴ ያዘዘው ግን ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ፣ በየጊዜው በደቂቃ ልዩነት ሁለት ሁለቴ ነበር፤ ይህ ብቻውን 28 ልኬት፣ 840 ብር ነው። በዚያ ላይ አማቴ ፋርማሲ የሚደርሱት ዳገት ወጥተው ነው፤ ከመለካት በፊት አምስት ደቂቃ ጀርባን ደግፎ፣ እግርን መሬት አስነክቶ ዝም ብሎ መቀመጥ እንደሚያስፈልግ፣ ከመለካቱ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና መጠጣት እንደማይገባ የሚነግራቸውም የለም። ቤት ውስጥ በእንዲህ ዓይነት ጥንቃቄ ተለክቶ አማካዩ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ከፍተኛ ነው ይላል፤ በክሊኒክ የተለመደው ወሰን 140 በ90 ነው።

አንድ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፤ ልብስ ሰፊ የሚይዘውን። ከትከሻና ከክርን መካከል ያለውን የክንድ ዙሪያ ለኩ። አብሮ የሚመጣው ጨርቅ ብዙውን ጊዜ ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክንድ ነው፤ የአማቴ 35 ሆኖ ተገኘ። ጨርቁ ሲጠብ ግፊቱ ከእውነተኛው በላይ ሆኖ ይነበባል። ሰፊውን ጨርቅ ጨምሮ የሚሰጥ መደብር በመፈለግ ሌላ ግማሽ ቀን አጥፍቻለሁ፤ 7,400 ብር የከፈልኩት በ6,900 የሚሸጠው ሰፊው ስላልነበረው ነው። በ500 ብሩ አልጸጸትም።

ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትውጡ። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ የገዛ ሸማች፣ ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሊጠይቅ ይችላል፤ ያለ ደረሰኝ ግን ክርክሩ ከንቱ ነው። የአንጓውን መለኪያ ልመልስ ስሄድ ሻጩ «ከእኛ መገዛቱን በምን አውቃለሁ?» አለኝ፤ መልስ አልነበረኝም። ሐሰተኛ ዕቃ ሲያጋጥምም የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ ስልክ 8482 ጥቆማ ይቀበላል። የክንዱን መለኪያ በገዛሁ በሦስተኛው ቀን አማቴን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ ነርሷ በእርሷ አፓራተስ 146 በ88፣ የእኛው 149 በ87 አለ። ካርቶኑን ከነስታይሮፎሙ አሥራ አምስቱ ቀን እስኪያልፍ አልጋ ሥር አስቀምጬው ነበር፤ አሁን የአማቴ የሽንኩርት ማስቀመጫ ሆኗል።