ኤን 95 ማስክ በሽሮ ሜዳ ብርድ

አስም አለብኝ። ኅዳር ሲገባ ደረቴ ቀድሞ ያውቀዋል። ጠዋት 12 ሰዓት ሽሮ ሜዳ ታክሲ ተሰልፌ ነው ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት የምሄደው። ብርዱ ከእንጦጦ ይወርዳል። ጭሱ ደግሞ ሽቅብ አይወጣም፤ ቀዝቃዛው አየር ታች አፍኖ ይይዘዋል። ዘንድሮ ብናኝ የሚያጣራውን ኤን 95 ማስክ ለአንድ ወር ሞከርኩ።

መጀመሪያ የሸጡልኝ ፎርጅድ ነበር። «ኦርጅናል ነው» ብለውኝ ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል ሰጡኝ። እውነተኛው ሁለት ላስቲክ አለው፤ አንዱ በአናት፣ አንዱ በማጅራት ይዞራል። ፊቱ ላይ «ኒዮሽ» የሚል የአሜሪካኖቹ ማረጋገጫ ታትሞበታል። ገንዘቤን አልመለሱልኝም። ለመተንፈሻዬ ብዬ የገዛሁት ነውና እስካሁን ያንገበግበኛል።

ትክክለኛውን ሳደርግ ግን ልዩነቱ ወዲያው ታወቀኝ። የምስበው አየር ሞቅ፣ ረጠብ ብሎ ነው የሚገባው። ሐኪሜ ይህ ለምን እንደሚጠቅም አስረድታኛለች። ብርድ የአየር ቧንቧን ያደርቃል፤ ቆሻሻ ጠርገው የሚያወጡትን ጥቃቅን ፀጉሮችም ያዘገያቸዋል። ያኔ ሥራው ሳንባ ውስጥ ላሉት ማክሮፌጅ ለሚባሉ ዘብ ሴሎች ይተርፋል። እነሱ ደግሞ ጥላሸት ከዋጡ ባክቴሪያ የመዋጥ አቅማቸው ይደክማል። ብርድና ጭስ አብረው ሲመጡ የሚከፋው ለዚህ ነው።

ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻ ሲያቃጥል ዋለ። ማታ ማስኩን አውልቄ መብራት ሥር አየሁት። ውስጡ ነጭ ነው። ውጪው አፍንጫዬ ትይዩ ላይ አመድ መስሏል። ያ ሁሉ እኔ ውስጥ ይገባ ነበር! ኅዳር ሲታጠን የ1911 ዓ.ም. ወረርሽኝ መታሰቢያ ነው። በሳንባ በሽታ ላለቁት መታሰቢያ በሆነ ቀን ሳንባችንን በጭስ መጉዳታችን በጣም ያሳዝነኛል።

ጉድለትም አለው። የናፍጣ ሽታ ይገባል፤ ብናኝ እንጂ ጋዝ አያስቀርም። መነጽር ያደበዝዛል። አይታጠብም። የአፍንጫው ሽቦ በደንብ ካልተጫነ በጎን ይነፍሳል፣ ያኔ ዋጋ የለውም። ወያላው መጀመሪያ ቀን «ቲቸር፣ አመመሽ እንዴ?» ብሎኝ ነበር፤ አሁን ለምዶታል።

ለእኔ ከዋጋው በላይ ጠቅሞኛል። የቀረኝ ለልጆች በልካቸው ማግኘት ነው። የትልቅ ሰው ማስክ ፊታቸው ላይ አይገጥምም። ፊት ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ተማሪዬ ወሩን ሙሉ ስታስል ከረመች። በልጅ ልክ ያያችሁ ካላችሁ እባካችሁ የት እንደሆነ ጻፉልኝ።