ከአስኮ ወዲያ ያለች የሬዲዮ መጠገኛ

የአባቴ ፊሊፕስ ሬዲዮ ባለ ቫልቭ ነው፤ ውስጡ እንደ አምፖል የሚሞቁ የመስታወት ቱቦዎች አሉት። አምና መሀል ከተማ ያለ አንድ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። «ይቺ ሞታለች» ብሎ ኢዜድ 80 የምትባለውን፣ ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ የምትቀይረውን ቫልቭ ነቀለና በቦታዋ ያንኑ ሥራ የሚሠሩ ሁለት ትንንሽ ዳዮዶች በየደ። ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። በሳምንቱ ሳሎኑ በጭስ ታፈነ። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትልቁ ኮንደንሰር ፈንድቷል።

ይቺን የቆርቆሮ ሱቅ ያገኘኋት ከዚያ በኋላ ነው። ከአስኮ ወደ ቡራዩ ስትሄዱ በስተቀኝ ናት። ስም አልተጻፈባትም፤ በሯ ላይ የተከመረ አሮጌ ቴፕ ካያችሁ ደርሳችኋል።

ጠጋኙ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ሬዲዮውን ሳይሰኩ ጀርባውን ከፍተው ሳቁ። «ዳዮዱ ምን አጠፋ? እንዲሁ የጎለተው ሰውዬ ነው እንጂ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቫልቯ ራሷ ብዙ ቮልት ትበላለች፤ ዳዮድ ግን 1 ቮልት እንኳ አይበላም። ደግሞ ቫልቯ ቀስ ብላ ነው የምትሞቀው። ዳዮድ ማብሪያውን እንደነካችሁ ሁሉንም ይለቀዋል። ሌሎቹ ቫልቮች ገና ስላልሞቁ ኃይሉን የሚጠቀምበት የለም። ከትራንስፎርመሩ 250 ቮልት ቢወጣ ኮንደንሰሩ ላይ 350 ይደርሳል። የኔው ኮንደንሰር የሚችለው 350 ነበር፣ ያውም በወጣትነቱ።

ጋሼ ኮንደንሰሮቹን በባለ 450 ቮልት ቀየሩ። ከዳዮዶቹ ቀጥሎ ቮልቱን የሚቀንስ ባለ 5 ዋት ሪዚስተር አስገቡ። መጀመሪያ 100 ኦም ሞከሩ፤ ቴስተሩን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። 220 ላይ ረኩ። ስድስቴ ሲለኩ ቆጥሬያለሁ። የመሀል ከተማው ጠጋኝ አንዴም አልለካም።

ቅሬታም አለኝ። «ሳምንት» ያሉት አምስት ሳምንት ሆነ። ስልካቸው አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው። ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። 2,500 ብር ከፈልኩ፤ ዳዮዶቹ የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ አይሞሉም፣ ገንዘቡ የእጃቸው ነው። አልቆጨኝም።

አሁንም ድምፁ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ እንደ ድሮው። ፋና 98.1 ጥርት ብሎ ይገባል። ሸገር 102.1 ግን የለም፤ የሬዲዮው ቁጥር 100 ላይ ያልቃል። «ይሄንንስ አያስተካክሉልኝም?» አልኳቸው።

«አባትህ ሲገዙትም 100 ላይ ነው ያለቀው» ብለው ክዳኑን ገጠሙት።